ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪያችን በበግ ጉሮኖ ውስጥ ሚስማር ወግቶት፣ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ተነስንሶበትና በጨርቅ ታስሮ ወደ ትምህርት ቤት መጣ። ጨርቁን ስንፈታው ቀዳዳው ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበር። ልጁ ወዲያው ታክሞ ደኅና ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጠባብና ጥልቅ ቁስል ከሰፊው ይልቅ እንደሚያሰጋ ብዙዎቻችን ስለማናስተውል ይህን መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋሲ በፋንድያ፣ በእበትና በአፈር ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ለዓመታት ይቆያል፤ ፈረስና አህያ ከደጅ በማይጠፉበት በመንዝ ደጋ ደግሞ ከእርሱ የጸዳ ግቢ አለ ለማለት ያስቸግራል። አየር በማይደርስበት ቁስል ውስጥ ሲገባ ይራባል፤ መርዝም ያመነጫል። ሕመሙን የሚያመጣው ይኸው መርዝ ሲሆን፣ በነርቭ ተጉዞ ኅብለ ሰረሰር ይደርስና ጡንቻ እንዲላላ የሚያዝዘውን መልእክት ያግዳል፤ በዚህም ምክንያት በመጀመሪያ መንጋጋ ይገጥማል፣ ቀጥሎ አንገትና ጀርባ ይገተራል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀናት ውስጥ ስለሚታይ ቁስሉ አስቀድሞ ሊድን ይችላል፤ ነርቭ ላይ የተጣበቀውን መርዝ የሚያላቅቅ መድኃኒት ግን የለም።

ክትባቱ የሚዘጋጀው ከዚሁ መርዝ ነው። ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል ሲታከም የመጉዳት ኃይሉን ቢያጣም መልኩን ስለማያጣ፣ ሰውነት ለይቶ ያውቀውና እውነተኛውን መርዝ ነርቭ ሳይደርስ የሚይዝ መከላከያ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጉሮሮን የሚዘጋው የዲፍቴሪያ በሽታ ክትባትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ታሞ የዳነ ልጅ ዳግመኛ አይያዝም» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ለኩፍኝ እውነት ነው፤ ለመንጋጋ ቆልፍ ግን አይሠራም፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው መርዝ እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ሰውነት ሊማርበት አይበቃውምና። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም የጎረቤት ልጅ መከተቡ ያልተከተበውን አይጋርደውም።

ስለዚህ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜ የሚሰጡት ክትባቶች መሟላታቸውን ከካርዱ እንድታረጋግጡ፣ ካርዱ የጠፋባችሁም ጤና ጣቢያ ቀርባችሁ እንድትጠይቁ፣ መከላከያው በዓመታት ብዛት ስለሚደክምም ስለ ማጠናከሪያው እንድትነጋገሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጅ ሲወጋ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ቡናም አመድም እበትም ሳታደርጉበት፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በዚያ ቀን ከትምህርት ቢቀር እንደ ቀሪ አይመዘገብበትም።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ