ከምኑ ልጠንቀቅ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አረጋውያን ጤና በጻፋችሁ ቁጥር «እንቅስቃሴ አድርጉ» የሚለው ምክር አይጠፋም፤ አጠገቡ ያለው ፎቶ ግን ሁሌም የምትሮጥ ወጣት ናት። እኛን የሚያስቀምጠን ስንፍና ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን የጻፈ አላጋጠመኝም።

ዕድሜዬ 68 ነው። አምና ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ሲልብኝ መሀል ላይ ቆምኩና ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ምቱን መቁጠር ጀመርኩ። በቆጠርኩ ቁጥር ፈራሁ፤ በፈራሁ ቁጥር ይብስ መታ። ተመረመርኩ፤ ልብዎ ደህና ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ሲሸኘኝ ግን «ብቻ ይጠንቀቁ» አለኝ። ከምኑ እንደሆነ ስላልነገረኝ ከሁሉም ተጠነቀቅኩ። ልጆቼም «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ» እያሉ የያዝኩትን ሁሉ ይቀበሉኝ ጀመር። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን በእጄ ሳልደገፍ ከወንበር መነሳት አቃተኝ።

ያልሠራ ጡንቻ ይከሳል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንታችንም ይሳሳል። እግር ሲደክም መውደቅ ይቀላል፤ መውደቅን የፈራች ደግሞ ጭራሽ አትነሳም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት ለሞላን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ቀድሞ የነበረው «በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ» የሚለው ግዴታ ተነስቷል፤ ሦስት ደቂቃም ይቆጠራል። ይህን ለምን አትጽፉልንም? እንቅስቃሴው መካከለኛ መሆኑን መለኪያው ደግሞ ቀላል ነው፦ እየተራመዱ ማውራት ተችሎ መዝፈን ካቃተ በቂ ነው። (እኔ ቁጭ ብዬም አልችልበትም።) ደረት የሚጨመድድ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ካረፉም በኋላ የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ቆሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። «ይጠንቀቁ» ሲሉን እነዚህን በስማቸው ቢጠሩልን ኖሮ የቀረውን ባልፈራነው።

አሁን ጥርሴን ስቦርሽ የመታጠቢያውን ጠርዝ በአንድ እጄ ይዤ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ አይታኝ ልትደግፈኝ ሮጣ መጣች። «አትያዢኝ፣ ቁጠሪልኝ» አልኳት። አሥራ አንድ ላይ እግሬን አወረድኩ።

ከአንዲት አንባቢያችሁ