መስኮቱም ሳሎኑም እንዲታይ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ አሳፍሮኛል፤ ጥያቄህ ግን ከልቤ አልወጣም። ለገጣፎ የምታነሳቸው የኪራይ ቤቶች ሳሎኑ ሲታይ መስኮቱ ነጭ ይሆናል፣ መስኮቱ ሲታይ ሳሎኑ ይጨልማል ብለህ ነበር።

መፍትሔው አንዱን ቦታ በተለያየ ብርሃን ሦስት ጊዜ አንስቶ ፎቶዎቹን ማዋሃድ ነው። ለቤት ውስጥ ኤንፊዩዝ የሚባለውን የማዋሃጃ ፕሮግራም ያዝ። ነጻ ነው፤ ሁጊን ከሚባለው የፎቶ ማገጣጠሚያ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይመጣል፣ አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት አይፈልግም። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ይቀላል፣ ግን በየወሩ ይከፈልበታል፤ የውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ማግኘቱን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ፎቶማቲክስ የሚባለው ሌላው ማዋሃጃ የሙከራ ቅጂው ፎቶው ላይ ምልክት ያትምበታል። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) አደራ፣ ላፕቶፕህ ጋ እንዳይደርስ።

ኤንፊዩዝ ከእያንዳንዱ ፎቶ በደንብ የበራውን ቦታ እየመረጠ ያዋህዳል። ሌሎቹ ፕሮግራሞች አጉልተው ሲሠሩ በመስኮቱ ፍሬም ዙሪያ የሚታየው ያ አስቀያሚ ነጸብራቅ እሱ ላይ እምብዛም የለም። ውጤቱ ትንሽ ፈዘዝ ይላል፤ በመጨረሻ ኮንትራስቱን ከፍ ታደርገዋለህ።

ስታነሳ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፤ ፎከስና ዋይት ባላንስ በማኑዋል። ከፎቶ ፎቶ የሚቀያየረው ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ብቻ ነው፦ 1/60፣ 1/15፣ 1/4 ሰከንድ። ፀሐይ በቀጥታ ከገባች 1/250 ጨምርበት። አምፖሉን አጥፋው፣ ቢጫው ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ተደባልቆ ግድግዳውን ያዥጎረጉረዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሮው ፋይሎቹን (ካሜራው ሳያስተካክል ያስቀመጣቸውን ጥሬ ፎቶዎች) ሲያዘጋጅ አውቶ የሚለውን ይጫናል። አውቶ ሦስቱንም ተመሳሳይ ብርሃን ስለሚያደርጋቸው ኤንፊዩዝ የሚመርጠው ያጣል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ማስተካከያ ሰጥተህ በ16 ቢት ቲፍ (ጥራቱ የማይቀንስ የፎቶ ፋይል) አውጣቸው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከሆነ አንዱ ወደ 144 ሜጋባይት ይመጣል፤ ዲስክህን አስቀድመህ እየው። ካሜራው ትንሽም ከተነቃነቀ መጀመሪያ አላይን ኢሜጅ ስታክ በሚባለው መሣሪያ አገጣጥማቸው፣ እሱም ሁጊን ውስጥ አለ።

ደጅ የምታነሳው የሱሉልታ አደይ አበባና የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነፋሱ አያርፍም፤ ቅጠሉ በሦስቱ ፎቶ ሦስት ቦታ ስለሚሆን ኤንፊዩዝ ሲያዋህደው መንፈስ ይመስላል። ለዚያ ኤችዲአር መርጅ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም አለ፦ ሮዎቹን ወስዶ አንድ ዲኤንጂ (እንደ ሮው ያለ ፋይል) ይሰጥሃል፣ የተንቀሳቀሰው ቦታ ከየትኛው ፎቶ እንዲወሰድ በብሩሽ ትመርጣለህ። ዳርክቴብል የሚባለው ነጻ የሮው ማስተካከያም ያዋህዳል፣ ግን አያገጣጥምም፤ ያለ ትራይፖድ አትሞክረው። እውነቱን ለመናገር ለአበባው ሰማዩ እንዳይቃጠል ትንሽ አጨልመህ አንድ ሮው ብታነሳና ጥላውን በኋላ ብታበራው ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፎቶዎች ላክልኝና አብረን እንያቸው። በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፤ አለዚያ ይጨምቀዋል።

ወንድምህ