የአጥቂ ቦታ የውለታ መክፈያ አይደለም

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ የላክህላት መድኃኒት ደርሷታል፤ ጉልበቷም ለቀቅ እያደረጋት ነው። የእሁዱን ወሬ መስመሩ እየተቆራረጠ ስላልጨረስነው የቀረውን በጽሑፍ ላድርስህ ብዬ ነው። በኳስ ነገር ሐሳቤን ሳልጨርስ ከቀረሁ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቃለህ።

የዴንቨር ልጆች አሰልጣኝ አድርገው ሾሙህ፤ እሰየው! ለሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ውድድር ቡድን ማዘጋጀት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ሰው ከየስቴቱ የሚጎርፍበት በዓል ነው፤ ግማሹ ተመልካች ለክትፎው ቢመጣም ሌላው ግማሽ አሰላለፍህን አንድ በአንድ ይመረምራል። አሁን ያስጨነቀህ ግን ተመልካቹ አይደለም። ማልያውን የሚገዛው፣ የሜዳውን ኪራይ የሚሸፍነው፣ አሜሪካ የገባህ ቀን ኤርፖርት መጥቶ የተቀበለህ ሰው የአጥቂውን ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ ልጀምር ብሏል። ዕድሜው አርባን ሊደፍን ነው። አንተ ደግሞ «አባዬ፣ እሱን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጬ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ትለኛለህ።

የኔ መልስ አጭር ነው፤ ልምምድ ላይ ያየኸውን አሰልፍ። ለውለታው ምሳ ጋብዘው፣ ልጁን ክርስትና አንሳለት፣ ከፈለግህም የቡድን መሪ አድርገው። የማይሮጥ ሰው ዘጠኝ ቁጥር ከለበሰ ግን ከኋላው ያሉት አሥሩ በሱ ፈንታ ይሮጣሉ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያልቅላቸዋል። ሳትደብቅም ለብቻው ጠርተህ ንገረው። ከሌላ ሰው አፍ ወይም ከተለጠፈ ወረቀት ላይ ካወቀው ነው ቂም የሚይዝብህ።

ተጫዋች ማየት ያስተማሩኝ ስታዲየም ውስጥ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ኪሴ እንደፈቀደ ከስታዲየሙ መቀመጫዎች አንዴ ካታንጋ፣ አንዴ ሚስማር ተራ እገባ ነበር፤ የትም ብገባ አላጣቸውም። ጋዜጣ አጥፈው ጠርዙ ላይ በእርሳስ የአሥራ አንዱን ስም ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ኳሷን ማየት የለም፤ «እሷንማ ሁሉም ያያታል» ይላሉ። ኳስ በቀኝ መስመር ስትሄድ እሳቸው ግራ ተከላካዩን ነው የሚያዩት፤ ወደ መሃል ይጠጋል ወይስ ቆሞ ያያል? አጥቂው ኳስ ሲነጠቅ መልሶ ያሳድዳል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል? እጁን ወገቡ ላይ ላደረገ ስሙ አጠገብ አንድ ጭረት ይጨምራሉ። ጭረቱ ሲበዛበት፣ ልጁ ጎል አግብቶ ስታዲየሙ ቢናወጥም እንኳ፣ «ዛሬ የለም እኮ፣ ስሙ ነው የመጣው» ብለው እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ይሰኩታል። እኔ ወቅታዊ ብቃት የሚባለውን የተማርኩት ከዚያች ጋዜጣ ጠርዝ ነው። ጋዜጠኞቹ እንደሚሉት ባለፉት ጨዋታዎች ባገባው ጎል ብቻ አትለካው።

አሁን ወደ ብሔራዊ ቡድናችን ወደ ዋልያዎቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ከአንተ ጋር የማንስማማው። «ውጭ የተወለዱትን ሰብስቦ ቡድኑን በእነሱ መሙላት ነው» አልከኝ። እኔ ማንም ከየትም ይምጣ ግድ የለኝም፤ እየተጫወተ ከሆነ ይምጣ! በ2005 አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ወደ ደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ሲሄዱ ከሚኒሶታ ፉአድ ኢብራሂምን፣ ከስዊድን ዩሱፍ ሳላህን ይዘው ሄደዋል። የሀገር ቤት ሰውም አጨብጭቦ ነው የተቀበላቸው። አንተ የምትዘነጋው ሕጉን ነው። ፊፋ ለአንድ ሀገር የሚጫወት ሰው የዚያች ሀገር ዜግነት ይኑረው ይላል፤ የኛ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርቱን መልስ ሲባል ምን ይመልሳል? አንተ ትመልሳለህ? ጌዲዮን ዘላለም በርሊን ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ አርሴናል ገብቶ ስንት ሰው ሲመኝለት ለአሜሪካ ተጫወተ። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴም የአባቱን ስም ማልያው ላይ አስጽፎ ለቼክ በአውሮፓ ዋንጫ ተሰለፈ። እኔ አልፈርድባቸውም። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን ቡድን የሚሠራው ያዳማና የሐዋሳ ሜዳ ላይ ካሉት ልጆች ነው።

እነዚህ ልጆች ሲወጡ ወዴት ይሂዱ የሚለው ነው እኔን የሚያብሰለስለኝ። አቡበከር ናስርን ታስታውሰዋለህ። እኔ ክለቡን ኢትዮጵያ ቡናን ስለምወድ ሳይሆን፣ በ2013 ያደረገው ነገር ለማንም ደጋፊ የሚያስደንቅ ነበር፤ በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል! የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን፣ ስንቱ አጥቂ ሞክሮ ያልደረሰበትን፣ አልፎት ሄደ። ኳስ ሳይደርሰው በፊት ትከሻውን አዙሮ ተከላካዩ የት እንዳለ ያያል፤ ሲደርሰው ዞሯል። የቡናው አሰልጣኝ ካሣዬ አራጌ ከግብ ጠባቂ ጀምሮ በአጭር ቅብብል ሲያጫውት፣ ቅብብሉ ተጠራቅሞ የሚያልቀው እሱ ጋ ነበር።

ከዚያ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ግን ሌላ ነገርም አሰብኩ። ሰንዳውንስ ማለት ለአንድ ቦታ ሦስት አራት ተጫዋች የሚገዛ፣ ያኔም እነ ፒተር ሻሉሊሌን የመሰለ አጥቂ የነበረው ክለብ ነው። እዚያ የገባ አጥቂ መጀመሪያ የሚያሸንፈው ተከላካይን ሳይሆን የራሱን ጓደኞች ነው። ጉዳት ሲጨመርበት ደግሞ እየው፤ ከሜዳ ርቆ ከረመ። በሳምንት በሳምንት 90 ደቂቃ የለመደ እግር ዕረፍት ሲበዛበት ይከብዳል። ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራም የሚመጣው ስሙ ነው፣ ያ አዛውንት እንዳሉት።

ሽመልስ በቀለን ከዚህ ጋር አስተያየው። ግብፅ ሄዶ ታላላቆቹ ክለቦች አል አህሊም ዛማሌክም አልገባም። እነ ፔትሮጀት ነበሩ ክለቦቹ፤ ስማቸውን ሀገር ቤት የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ግን ተጫወተ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ፣ በየሳምንቱ ከግብፅ ተከላካይ ጋር ሲገፋፋ ኖረ። ከዚያ ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ምን ሆነ? ግብፅን 2 ለ 0! የመጀመሪያውን ዳዋ ሆጤሳ፣ ሁለተኛውን ሽመልስ አስቆጠሩ። ሞሐመድ ሳላህ አልነበረም ትለኛለህ፤ እሱ ባይኖርም ግብፅ ግብፅ ነው። ሽመልስ እነዚያን ተከላካዮች በእንቅልፍ ልቡም ያውቃቸዋል። (ያንን ጨዋታ የሀገራችን ሰው ስታዲየም ገብቶ ለማየት አለመታደሉ፣ «ሜዳችን» ማላዊ መሆኑ፣ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ደረጃውን የጠበቀ አንድ ስታዲየም ያጣ ሀገር!)

ስለዚህ አንድ ልጅ ዝውውር ሲመጣለት እኔ የክለቡን ስም አልጠይቅም። በሱ ቦታ ስንት ሰው አለ? ያመጣው አሰልጣኝ ነው ወይስ ፕሬዚዳንቱ? አሰልጣኙ ቢባረርስ? ይህንን ሳያጣራ የፈረመ ልጅ ደመወዙን ያገኛል፤ እግሩን ያጣል።

ሀገር ቤት ያለው ዝውውርም እንዳየኸው ነው። በ2011 ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተብሎ ጣሪያ ወጣ። እኔን ያኔም አሁንም የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የውሉ ማጠር ነው። ልጁ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ይፈርማል። አሰልጣኙ አቋሙን አስተካክሎ፣ ቦታውን አሳውቆ ሊጠቀምበት ሲል ክረምት ይገባል፤ መስከረም ላይ በተቃራኒ ማልያ ያገኘዋል። በ2003 ቡና በውበቱ አባተ ጊዜ ዋንጫ ሲያነሳ እኛ አሥራ አንዱን በቁጥር ሳይሆን በአካሄዱ ነበር የምንለየው። አሁን ሊጉ ቡድኖቹን አንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ከጀመረ ወዲህ እኔ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን ነው የማየው፤ ስም አልይዝም። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ የአርሴናልን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ስም ያውቃል፤ የቡናን ግራ ተከላካይ ግን አያውቅም። አልፈርድበትም፤ እስኪያውቀው ልጁ ይሄዳል።

አርሴናልን ካነሳሁ አይቀር፣ አንተም የምትቃጠልበት ቤት ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ላይ አጥቂው ጄሱስ ጉልበቱን ተጎድቶ ተኝቷል፤ አጥቂ ሳይገዙ የዝውውር መስኮቱ ተዘጋ። ወዲያው በአጥቂነት የቀረው ሃቨርትዝም ተጎዳ። አሰልጣኙ አርቴታ ሌስተር ላይ አማካዩን ሜሪኖን ቀይሮ አስገብቶ አጥቂ አደረገው፤ ልጁም ሁለት አግብቶ አሸነፉ። ያን ቀን ደውለህ «አርቴታ ሊቅ ነው» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ለምን መሰለህ? አማካይን አጥቂ አድርጎ አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ይቻላል። ዋንጫውን ግን ሊቨርፑል ወሰደ። በክረምቱ አጥቂውን ዮኬሬሽን ገዙ፤ ጥር ላይ የጎደለውን ነገር እነሱም አውቀውት ነበር ማለት ነው። አንተም ያንተን ቀዳዳ አሁን እወቀው። የውድድሩ ዋዜማ ላይ አጥቂ መፈለግ አይሆንም።

ደግሞ የተጫዋች ዝርዝሩን! ይህንን አደራ የምልህ ነው። ሰኔ 2005 ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ከተማው ሌሊቱን ሙሉ ጥሩምባ ሲነፋ ያደረውን ትዝ ይልሃል፤ አንተን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜህ ነበር። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ከዚያ በፊት በነበረው የቦትስዋና ጨዋታ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ መቀጣት ሲገባው ተሰልፎ ነበር። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ግባ ተባለ፣ ገባ። ካርድ የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው። ያሸነፍነው የቦትስዋና ጨዋታ በፎርፌ ተወሰደ፣ ሦስት ነጥብ ሄደ። ደግነቱ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ለናይጄሪያው የደርሶ መልስ ጨዋታ ደረስን፤ ባንደርስ ኖሮ ያ ሁሉ የሰውነት ቢሻው ልፋት በአንዲት ያልተነበበች ወረቀት ይቀር ነበር። ለካርዱ አንድ ሰው መድብ፤ ደብተር ይያዝ። ማልያ ገዢው ወዳጅህ በገንዘብ አያያዙ ጠንቃቃ ነው ብለኸኝ የለ? እሱን አድርገው።

ሁለተኛ ግብ ጠባቂህንም አልነገርከኝም። በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የዛምቢያውን ጨዋታ አስብ፤ ሳላዲን ሰኢድ ፍፁም ቅጣት ምት ስቷል፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቷል፣ ገና እረፍት አልወጣንም። ተጠባባቂው ግብ ጠባቂ ዘሪሁን ታደለ ቀዝቅዞ ከተቀመጠበት ተነስቶ ገባ። አንድ ጎል ቢገባበትም ቡድኑ አልፈረሰም፤ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። አንተ ግን ሁለተኛው ግብ ጠባቂ «ያው አንዱ ይቆማል» ካልክ፣ አንዱ የሚቆመው መረብ ውስጥ ኳስ ለመልቀም ነው።

ዝርዝሩን ስትጨርስ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ቁጥሩንና ቦታውን ለይተህ ጻፍ። በላክህልኝ ቪዲዮ ላይ ተቃራኒው በሱ በኩል ሲያልፍ ጫማውን የሚያስር ግራ ተከላካይ አይቻለሁ። የአክስትህ ልጅ መሆኑን እናትህ ነግራኛለች፤ ቢሆንም ሌላ ፈልግ።

አባትህ
ከአዲስ አበባ