«ዘ ኤክስ ፋክተር» የመጨረሻው ደረጃ አይገባውም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ የእንግሊዙ የሄቪ ሜታል ባንድ የአይረን ሜይደን አድናቂዎች ስለ ምርጡና ስለ ደካማው አልበም ያካሄዱትን ክርክር በጉጉት አንብቤዋለሁ። ተከራካሪዎቹ በምርጡ ላይ ሳይስማሙ ቀርተው፣ ደካማው የትኛው ነው ሲባል ግን በአንድ አፍ የ1995ቱን «ዘ ኤክስ ፋክተር» መጥራታቸው አላሳመነኝም። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ለፍርዱ የቀረበው ምክንያት በመሠረቱ አንድ ነው፤ እሱም ድምፃዊው የባንዱ ታዋቂ ዘፋኝ ብሩስ ዲኪንሰን አለመሆኑ ነው። ዲኪንሰን በ1993 ባንዱን ለቅቆ በምትኩ ብሌዝ ቤይሊ መግባቱ፣ የቤይሊም ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና ይህ አልበም ለዚያ ድምፅ የተሠራ ነው። የባንዱ መሥራችና የቤዝ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ሃሪስ በዚያ ወቅት ትዳሩ ፈርሶበት ስለነበር፣ ዘፈኖቹ በጥርጣሬ፣ በጦርነትና በብቸኝነት የተሞሉ ሆኑ። የመክፈቻው «ሳይን ኦፍ ዘ ክሮስ» የመነኮሳት ዜማ በሚመስል ዝግ ያለ ዝማሬ ጀምሮ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ ሲዘልቅ፣ የቤይሊ ድምፅ ለዚያ ጨለማ የሚስማማ መሆኑን ለመረዳት አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ ማዳመጥ ይበቃል።

ቤይሊ የተቸገረው መድረክ ላይ ነው። ዲኪንሰን በከፍተኛ ድምፅ የዘፈናቸውን የ1980ዎቹ ዘፈኖች ባንዱ ቃናቸውን ዝቅ ሳያደርግለት እንዲዘፍናቸው ተደረገ፤ ድምፁ እየታመመ የተሰረዙ ትርኢቶችም ነበሩ። ለእኔ ይህ የቤይሊ ጥፋት ከመሆኑ ይልቅ ዘፈኑን ለዘፋኙ ልክ መስፋት የነበረባቸው ሰዎች ጥፋት ነው። የአልበሙን ደረጃ በዚያ መመዘን ደግሞ ከቶ አይገባም። ዲኪንሰን በ1999 ከተመለሰ በኋላ ባንዱ በ2001 መጀመሪያ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ባቀረበውና በአልበም ባወጣው ትርኢት «ሳይን ኦፍ ዘ ክሮስ»ን ተጫውቶታል፤ ከ2018 ጀምሮ በተደረገው ጉዞም እንደገና ወደ መድረክ አምጥቶታል። ሌላ የሚጫወተው የጠፋበት ባንድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የድምፅ ቀረጻውን ጉድለት ግን አልክድም። ከ1981 እስከ 1992 የባንዱን አልበሞች ፕሮዲውስ ያደረገው ማርቲን በርች ጡረታ በመውጣቱ፣ ሃሪስ ከናይጀል ግሪን ጋር ሆኖ ሥራውን ራሱ ያዘው። ጊታሮቹ ሳስተው፣ ከበሮው ደርቆ ይሰማል። ሰባ አንድ ደቂቃውም በዛ፤ ሁለት ዘፈን ቢቀነስለት ማንም ባላዘነ ነበር።

ታዲያ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ተከራካሪዎቹ በዝምታ ያለፉትን የ1990ውን «ኖ ፕሬየር ፎር ዘ ዳይንግ» እጠቁማለሁ። እዚህ አልበም ላይ ዘፋኙ ራሱ ዲኪንሰን ነው፤ ፕሮዲውሰሩም ራሱ በርች ነው፤ ስለዚህ ማመካኛ የለም። ባንዱ ከሁለት ዓመት በፊት በኪቦርድ ያሸበረቀውን «ሰቨንዝ ሰን ኦፍ ኤ ሰቨንዝ ሰን»ን ከሠራ በኋላ ወደ ጥሬው ድምፅ እመለሳለሁ ብሎ፣ ኤሴክስ ውስጥ በሃሪስ ይዞታ ላይ ባለ ጎተራ ገብቶ ቀረጸ። አካሄዱ ያልተዋጠለት ጊታሪስቱ ኤድሪያን ስሚዝ ለቆ ወጣ። በዜማ ፈጠራ የሃሪስ ቀኝ እጅ የነበረ ሰው ነውና ጉድለቱ ወዲያው ታወቀ። ዲኪንሰንም ያንን የጠራ ድምፁን ትቶ ጉሮሮውን እየሞረደ ዘፈነ። የሚያስገርመው፣ ባንዱ በብሪታንያ የነጠላ ዘፈኖች ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው በዚሁ አልበም ዘፈን፣ በ1991 መጀመሪያ ነው። ያም ዘፈን ቢሆን ዲኪንሰን መጀመሪያ ለአንድ አስፈሪ ፊልም ብሎ ለብቻው የሠራው እንጂ ለባንዱ የተጻፈ አልነበረም። የ1998ቱ «ቨርቹዋል ኢለቨን»ም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ «ዘ ክላንስማን» ባይኖርበት ኖሮ ሁለቱን ለማበላለጥ እቸገር ነበር።

ስለ ምርጡ ብዙ አልልም። የ1982ቱ «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት» ታላቅ ነው፤ ግን «ኢንቬደርስ» እና «ጋንግላንድ» የሚባሉትን ዘፈኖች ማንም በልቡ አይዘልላቸውም ብላችሁ አትነግሩኝም። የእኔ ምርጫ የ1984ቱ «ፓወርስሌቭ» ነው። ምርጫዬ ንጹሕ ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ ምክንያቱም አልበሙን የተዋወቅሁት በልጅነቴ ከጓደኛ በተገለበጠ የዘጠና ደቂቃ ካሴት ነው። አንዱ ገጽ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝና አልበሙ ሃምሳ አንድ ደቂቃ ስለሆነ፣ ስለ መርከበኞች ከሚተርከው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የኮልሪጅ ግጥም የተሠራው የመጨረሻው ረጅም ዘፈን መሐሉ ላይ ይቆረጥ ነበር። ያውም ሙዚቃው ቀዝቅዞ የመርከቡ እንጨት ሲንቋቋ ከሚሰማበት ክፍል ብዙ ሳይርቅ። መርከበኞቹ ባሕር ላይ ቀርተው ዘፈኑ በዚያው የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር፤ ቀሪውን ስድስት ደቂቃ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እናም በምርጡ ጉዳይ ከማንም ጋር ለመከራከር አልነሣም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ ተከታታይ