ከ16 ዓመቱ ጥያቄ በፊት የምዝገባው ዕለት ይስተካከል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ይውረድ የሚሉ ወገኖች ብዙ ጊዜ ኦስትሪያን ይጠቅሳሉ፤ እሷ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ብራዚልም እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ ሕገ መንግሥቷ ጀምሮ ለ16 ዓመት ልጆች ፈቅዳለች፤ ግዴታ ግን አላደረገችባቸውም። ሐሳቡን አልቃወምም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን 15 ዓመት የሞላው ልጅ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል፤ የሚሠራ ሰው ማን እንደሚያስተዳድረው ቢጠየቅ ምን ነውር አለው? ቅሬታዬ ከየት እንጀምር በሚለው ላይ ነው።

18 ዓመት የሚለው የተጻፈው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ነው። አንቀጹ ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች በሚደነግገው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለሆነ የሚሻሻለው በአንቀጽ 105 ንዑስ አንቀጽ 1 መንገድ ብቻ ነው። የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መቀበል አለባቸው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ለየብቻቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። ከ12ቱ ክልሎች አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

በምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ውስጥ ግን ሕገ መንግሥቱን ሳይነኩ የሚፈታ ቋጠሮ አለ። መራጩ 18 ዓመት መሙላት ያለበት በምዝገባው ዕለት እንጂ በድምፅ መስጫው ዕለት አይደለም። በ2013 ምርጫ ምዝገባው በአብዛኛው አካባቢ ግንቦት ላይ ተዘጋ፤ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር። በመካከሉ 18 የሞላው ወጣት ቀረ። ጠቅላላ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ነውና ይህ ልጅ መጀመሪያ የሚመርጠው 23 ሊሞላው ሲል ነው። “በምዝገባው ዕለት” የሚለውን ለመቀየር አዋጅ ማሻሻል ይበቃል። ዕጩ ለመሆን የሚጠየቀው 21 ዓመትም ያለው እዚያው አዋጅ ውስጥ ነው፤ መምረጥ የተፈቀደለት ሰው ለወረዳ ምክር ቤት ለመወዳደር ሦስት ዓመት የሚጠብቅበት ምክንያት በበኩሌ አይታየኝም።

16 ቢፈቀድስ ዕድሜ በምን ይረጋገጣል? የልደት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ቢደነገግም በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ የተወለደ ሕፃን 16 የሚሞላው በ2024 ነው። ከእሱ ቀድመው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝና በመርሐቤቴ ገጠር የተወለዱት ብዙዎቹ ያላቸው ዕድሜ ትምህርት ቤት ሲገቡ በግምት የተጻፈላቸው ነው። የምርጫ አስፈጻሚው 15ን ከ16 የሚለይበት ሰነድ የለውም፤ ክርክሩ በየጣቢያው ይነሳል።

የመኖሪያውም ጉዳይ አለ። አዋጁ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። የገጠሩ ተማሪ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ባሉ የወረዳ ከተሞች ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከቤቱ እየመጣለት ነው የሚማረው። መታወቂያ የሚያወጣው ወላጆቹ ካሉበት ቀበሌ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ትምህርት ሳይዘጋ ይካሄዳል። ከተማ ቢመዘገብ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲያበቃ ለእርሻ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካርዱ ኪሱ ውስጥ፣ የተመዘገበበት ጣቢያ ግን ሩቅ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ምርጫ ጣቢያ ይቋቋማል፤ ለእነዚህ ያሰበላቸው የለም። (በጸጥታው ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸውን ቀበሌዎች ገና አላነሳሁም።)

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ 18 ለሞላቸው፣ ቀበሌውና ምርጫ አስፈጻሚው በአንድ ቀን መጥተው መታወቂያም ካርድም ቢሰጡ፣ ተማሪውም ሰኔ ላይ የሚገኝበትን ጣቢያ ራሱ እንዲመርጥ ቢደረግ፣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ዛሬ የመምረጥ መብት ኖሮት የማይመርጠው ወጣት ነው።

የሥነ ዜጋ መምህር
ከደብረ ብርሃን