አዲሱ ቨርዥን ለምን ዘገየ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

አዲሱን የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ቨርዥን ለመስከረም አጋማሽ ቃል ገብተንላችሁ ነበር። ይኸው ኅዳር ገባ። ደውላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። መርካቶ የሚነግዱ አንድ አባት ደንበኛችን ደግሞ «ልጆቼ፣ ገንዘቤን ይዛችሁ ጠፋችሁ ወይስ ታመማችሁ?» አሉን። አልጠፋንም፣ አልታመምንምም። ዝም ብለን መክረማችን ግን ልክ አልነበረም። ስለዚህ ምን ስናደርግ እንደከረምን ቁጭ ብለን ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙ ነሐሴ ላይ አልቆ ነበር። ያለቀው ግን እኛ ኮምፒውተር ላይ ነው። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ገና ነበር።

ሥራ ስንጀምር ነገሩ ቀላል ነበር። በየመደብሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 ነው። እኛም እሱ ላይ እንሠራለን፣ እሱ ላይ እንሞክራለን፣ በፍላሽ ይዘን መጥተን እንጭናለን፤ አለቀ። አሁን አንዱ ዊንዶውስ 10 አለው፣ ሌላው 11። አንዷ ደንበኛችን ወንድሟ ከአሜሪካ የላከላትን ማክቡክ ትጠቀማለች። ሁለት ሦስት የምትሆኑት ደግሞ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን የሊኑክስ ዓይነት ነው) አስጭናችኋል፤ ጎበዞች ናችሁ።

«ታዲያ ፕሮግራሙ አንድ አይደል እንዴ?» ያላችሁን አላችሁ። አንድ ነው። ሊጡም አንድ ነው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድና በእንጨት ምጣድ ሲጋገር ግን ዓይኑ አንድ ሆኖ አይወጣም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ምጣዱ ነው። ፕሮግራማችን ፋይል ሲከፍት፣ ቀን ሲጠይቅ፣ ፊደል ሲጽፍ፣ ወረቀት ሲያትም በእሱ በኩል ያልፋል። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ደግሞ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ አላቸው። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ «አንዴ ጻፍ፣ የትም አሂድ» ተብሎለት ነበር። ፕሮግራመሮች «አንዴ ጻፍ፣ ስህተቱን ግን የትም ልቀም» ብለው አሾፉበት። እኛ የምንሠራው ኪዩት በሚባል ሌላ መሣሪያ ነው። ቀልዱ ግን እኛንም አልማረንም።

መጀመሪያ የተያዝነው በማይረባ ነገር ነው። ኡቡንቱ ላይ የድርጅታችሁ አርማ ከፕሮፎርማው ራስ ላይ ጠፋ። የፋይሉ ስም በትልቅ የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን በትንሹ ጽፈነዋል። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን አይለይም። ማክም ካልተቀየረ በቀር አይለይም። ሊኑክስ ግን «እነዚህ ሁለት ፋይሎች ናቸው» ብሎ ድርቅ ይላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለው፤ ስሞቹን ሁሉ በአማርኛ ሰይመናቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ጣጣ አይመጣም ነበር። በግማሽ ቀን አስተካከልነው።

ቀጥሎ ኤክሴል መጣ። ሪፖርታችሁን «ወደ ኤክሴል አውጣ» ስትሉ የሚወጣው ፋይል ሲኤስቪ ይባላል። ኡቡንቱ ላይ ኤክሴልን በሚተካው በሊብሬኦፊስ ስንከፍተው አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ዊንዶውስ ላይ በኤክሴል ስንከፍተው ግን «ቡና» የምትለው ቃል ስድስት ባዕድ ምልክት ሆና ቁጭ አለች።

ይህን ብዙዎቻችሁ ስላያችሁት ትንሽ እናብራራው። የዓለምን ፊደሎች ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ቨርዥኑ ነው። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ባይት ማለት ኮምፒውተር መረጃ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ቦታ ነው። ኤክሴል ግን ፋይሉ መግቢያ ላይ ምልክት ካላገኘ በድሮው የላቲን ሠንጠረዥ ሊያነበው ይሞክራል። ያኔ ከአንዱ ፊደላችን ሦስት ምልክት ይፈለፈላል። የአማርኛ ፊደሎች ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ባይት ስለሆነ፣ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየሦስቱ ብቅ ትላለች። እሷን ስታዩ አትደንግጡ። ጽሑፋችሁ አልጠፋም፤ አነባበቡ ነው የተሳሳተው። መፍትሔው ፋይሉ ራስ ላይ ሦስት ባይት ምልክት መጨመር ነበር። ለሦስት ባይት አራት ቀን ፈጀን።

(ከብዙ ዓመት በፊት በድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተተየበ የዕቃ ዝርዝር ያላችሁ፣ የእናንተ ችግር ሌላ ነው። እነዚያ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፋይሉን ላኩልን፣ ቀይረን እንመልሳለን።)

ከዚያ የፊደል ቅርጽ። ዊንዶውስ በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቪስታ ከሚባለው ቨርዥኑ ጀምሮ ኒያላ የሚባል የአማርኛ ፎንት ነበረው፤ በኋላ ኤብሪማ መጣ። ማክ ከፋ የሚባል አለው። ሊኑክስ እንደ አጫጫኑ ነው፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ካለው ያምራል፣ ከሌለው ባዶ ሳጥን ትቆጥራላችሁ። ፎንቶቹ ስፋታቸው እኩል አይደለም። በአንዱ ልክክ ብሎ የገባው ዓምድ በሌላው ይተርፋል። «ጠቅላላ ድምር» ተቆርጦ «ጠቅላላ ድም» ሆኖ ሲታተም ስቀናል፣ ደንበኛ ፊት ቢሆን ግን አያስቅም። አሁን ኖቶን ፕሮግራሙ ውስጥ ይዘን እንመጣለን። ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል። የትም ብትከፍቱት አንድ ዓይነት ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሳምንት ነው። ጉድ ያፈላብን ቀን ነው።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ልንለቀው ተዘጋጅተን ሳለ ማክቡክ ያላት ደንበኛችን ለሙከራ ወሰደችው። ጥቅምት 8 ደወለች። «ፕሮፎርማው የካቲት 1 ቀን 2010 ይላል» አለች። እኛ ማክ ላይ ሞከርን፤ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ይላል። «እስቲ አጥፍተሽ አብሪው» አልናት። አጠፋች፣ አበራች። አሁንም የካቲት 2010። ዕቃ ክፍሏ ውስጥ ያለው ዘይት ከመግባቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ተሸጧል።

ሦስት ቀን ፈለግን። በመጨረሻ ላፕቶፑን ይዛ መጣች። ማክ ሴቲንግ ውስጥ የቀን አቆጣጠሩን ወደ ኢትዮጵያ መቀየር ይቻላል። እሷ ቀይራዋለች፣ እኛ አልቀየርንም። ፕሮግራማችን ደግሞ ቀኑን ከሲስተሙ በጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ኢትዮጵያ ይመልሰው ነበር። የእሷ ማክ ዓመት 2018፣ ወር 2፣ ቀን 8 ሲለው የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 8 መሰለው። የተቀነሰውን ደግሞ ቀነሰው። በገዛ አቆጣጠሯ የምትሠራው ደንበኛ ስትሳሳት፣ በፈረንጅ የሚሠሩት ትክክል ሆኑ። አፈርን።

ቶሎ መጠገን ይቻል ነበር። «ማክ ከሆነ አትቀንስ» ብሎ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው። አልወደድነውም። እንዲህ ያለ ጥገና ነገ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ስለዚህ ቀን የሚነካውን ክፍል ሁሉ ጥለን እንደ አዲስ ጻፍነው። አሁን ከሲስተሙ የምንቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ወዲህ ስንት ሰከንድ አለፈ የሚለውን። ይህን ቁጥር ሦስቱም ሲስተሞች ይሰጡናል፣ ሴቲንጉም አይቀይረውም። ከሰከንዱ ወደ መስከረምና ጳጉሜን የምናደርሰው እኛው ነን።

ጳጉሜን ካነሳን አይቀር፣ ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመትም መሞከር ነበረብን። ያለፈው 2015 ነበር፣ የሚመጣው 2019 ነው። የአራቱንም ኮምፒውተሮች ሰዓት ወደፊት ወስደን አንድ ከሰዓት ሙሉ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ላይ ስንኖር ዋልን። ፕሮግራማችን በሰላም አዲስ ዓመት ገባ። ድረ ገጾቹ ግን የደኅንነት ሰርተፍኬታቸው ጊዜው ያለፈ እየመሰለ አንከፍትም አሉን።

አራቱ ኮምፒውተሮች ያልናቸው መደርደሪያችን ላይ ያሉት ናቸው፦ ባለ 4 ጊጋ ራም አሮጌ ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 10 ጋር፣ አንድ ዊንዶውስ 11፣ አንድ ኡቡንቱ፣ አንድ ማክ ሚኒ። የቀሩትን በቨርችዋል ማሽን እንሞክራለን። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጉና አስቡት። ደስ የሚለው፣ ገና ንጹሕ ሳለ ያለበትን ሁኔታ አስቀምጠን፣ ካበላሸነው በኋላ ወደዚያው በደቂቃ እንመልሰዋለን። ማክን ግን በአፕል ፈቃድ መሠረት እንዲህ ማስኬድ የሚቻለው የአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ማክ ሚኒ ገዛን። ከበጀታችን አንጻር ትንሽ አመመን።

ቨርችዋል ማሽን የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። አንዱ ፕሪንተር ነው። በ80 ሚሊሜትር ጥቅል ወረቀት የሚያትሙት ትንንሾቹ ፕሪንተሮች የላቲን ፊደል ውስጣቸው አለ፤ የአማርኛ ግን የላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ሥዕል አድርገን ነው የምንልክላቸው። በአንድ መስመር 576 ነጥብ ነው ያለን፣ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ይህን በዓይን ወረቀት ሳያዩ ማመን አይቻልም። ሌላው መብራት ነው። ሽያጭ እየተመዘገበ ሳለ ገመዱን ከሶኬት እንነቅላለን። በተደጋጋሚ። ሽያጫችሁ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ይባላል፤ የመብራት መጥፋትን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ማክ ላይ ግን «ጻፍኩት» የተባለው መረጃ ዲስኩ መሸጋገሪያ ላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ እስከ መጨረሻው እንዲወርድ ተጨማሪ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ጨምረናል። ትንሽ ያዘገየዋል፤ ከጠፋ ሽያጭ ግን ይሻላል።

አሁን ደስ ወደማይለው እንለፍ። ዊንዶውስ 7 ላይ አዲሱ ቨርዥን አይሠራም። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ የምንሠራበት ኪዩትም ከ6ኛው ቨርዥን ጀምሮ ትቶታል። አሮጌው ፕሮግራማችሁ መሥራቱን አያቆምም፣ አዲስ ነገር ግን አይመጣለትም።

ዊንዶውስ 10ም ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (ኦክቶበር 14፣ 2025) አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 አለ፤ መመዝገብ ግን ይጠይቃል። እኛ ዊንዶውስ 10 ላይ መሞከራችንን ለጊዜው አናቆምም፣ አብዛኞቻችሁ እዚያ ናችሁና። ወደ 11 ለመሄድ ኮምፒውተሩ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለው ነው። ኮምፒውተር ቤት ሄዳችሁ «11 ጫኑልኝ» ብትሉ ፍተሻውን አልፈው ሊጭኑላችሁ ይችላሉ። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነው አፕዴት ለመስጠት አይገደድም። የእኛ ምክር፦ ያ ኮምፒውተር የሚሠራው የእኛን ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ኡቡንቱ 24.04 አስጭኑበት። ነጻ ነው፣ ሞክረነዋል። ሌላ ዊንዶውስ ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ካላችሁ ግን አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ደውሉልን።

ስትጭኑ ዊንዶውስ «አሳታሚው አይታወቅም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያሳያችሁ ይችላል። ፕሮግራሙን ከእኛ እጅ ካልተቀበላችሁት በጭራሽ አትለፉት።

አንድ ልመና አለን። ስትደውሉልን «አይሠራም» ብቻ አትበሉን። የትኛው ሲስተም እንደሆነ ንገሩን፤ ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ማክ ላይ ከላይ በስተግራ ያለችውን ፖም ተጫኑ። ስክሪኑን ሙሉውን በስልካችሁ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩ፤ መልእክቷን ብቻ ቆርጣችሁ አይደለም። ጥግ ላይ ያለው ሰዓትና ቀን ሳይቀር ይጠቅመናል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

አዲሱ ቨርዥን ኅዳር 22 ይወጣል። ከመጫናችሁ በፊት ባክአፕ ወደ ፍላሽ ውሰዱ፤ ፍላሹንም ከኮምፒውተሩ ንቀሉት። ለዘገየንበት ሁለት ወር የዓመት ክፍያችሁ ላይ ሁለት ወር ጨምረናል፤ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ አለን፣ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ብትመጡ እዚሁ እንጭንላችኋለን።

የመርካቶው አባታችን፣ እርስዎ ግን አይምጡ። ያንን ትልቅ ኮምፒውተር ተሸክመው ደረጃ እንዲወጡ አንፈልግም። ሰኞ ጠዋት እኛው እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሦስታችንም