ማንበብ ቢችልም አንብቢለት

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልጅሽ ለብቻው ማንበብ በመጀመሩ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም! መጨረሻ ላይ የጻፍሻት መስመር ግን ከነከነችኝ። «እንግዲህ ማታ ማታ ከማንበብ ተገላገልኩ» ብለሻል። እባክሽ አትተዪው።

ዕድሜዬን ሙሉ ተረት ስወድ ኖሬአለሁ። ለልጆች መጻፍ የጀመርኩትም ከዚሁ ፍቅር የተነሳ ነው። ፍቅሩ የገባብኝ ደግሞ በጆሮዬ በኩል ነው። ፊደል ሳልለይ ታሪክ እንዴት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። አንድ ነገር ይጎድላል፣ ነገሩ እየከረረ ይሄዳል፣ ከዚያ ይፈታል። ፊደል መቁጠር ስጀምር ያ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ከፊደሉ ጀርባ ምን እንዳለ ቀድሜ ቀምሼዋለሁ።

አሁን ያንቺን ልጅ አስቢው። ማንበብ የጀመረ ልጅ ፊደሉን ሲፈታ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። በጆሮው ግን ከዚያ በጣም የከበደ ታሪክ መከታተል ይችላል። ራሱ የሚያነበው «ድመቷ ሮጠች» የሚል ሊሆን ይችላል። አንቺ ስታነቢለት ግን ስለ ቅናት፣ ስለ ክህደት፣ ስለ መለየት ይገባዋል። ይህ ልዩነት ለዓመታት ይቆያል። ዛሬ ካቆምሽበት ንባብ ማለት ያቺ የምትሮጠው ድመት ብቻ ትመስለዋለች። በዚህ የተነሳ መጽሐፍ የሚጠላ ልጅ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ቃላቱስ? ቤት ውስጥ ስናወራ የምንጠቀመው ቃል ትንሽ ነው። «አመነታ»፣ «ተብሰለሰለ»፣ «ጭጋጉ ገፈፈ» የሚሉትን ልጅ ከመጽሐፍ ካልሰማ ከየት ያመጣቸዋል?

ብዙ የልጆች መጻሕፍት የተወለዱትም ለአንድ ልጅ ሲባል ነው። ስዊድናዊቷን ደራሲ አስትሪድ ሊንድግሬንን እ.ኤ.አ. በ1941 ልጇ ታማ ተኝታ ሳለ ተረት ንገሪኝ አለቻት። «ፒፒ ሎንግስቶኪንግ» የሚለውን የባለታሪኳን ስም የፈጠረችው ልጅቷ ራሷ ናት። እናትየው በቃል ብቻ ስትተርክላት ቆየች። በ1944 እናትየው ራሷ በረዶ ላይ ተንሸራታ እግሯ ሲጎዳና አልጋ ስትይዝ ነው ተረቱን የጻፈችው። አንድ አሳታሚ አልፈልግም ቢላትም በ1945 በሌላ አሳታሚ ወጣ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቢያትሪክስ ፖተርም በ1893 ለታመመ ትንሽ ልጅ ስለ ጥንቸሉ ፒተር የሚተርክ ሥዕል ያለበት ደብዳቤ ጻፈች። ልጁ ደብዳቤውን በደንብ ይዞት ስለነበር ከዓመታት በኋላ ተውሳው ገለበጠችው። በ1902 ታሪኩ አሳታሚ አግኝቶ በመጽሐፍ መልክ ለገበያ ቀረበ። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ባሰብኩ ቁጥር ለሥራዬ ያለኝ ፍቅር ይታደሳል።

እኛ ደራሲዎቹ የምንጽፈውም ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ነው። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ በ8 ወይም በ16 ገጽ ስለሚከፈል። እኔም ገጹ የሚገለጥበትን ቦታ አስቤ እጽፋለሁ። ጥያቄዋን ቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ አደርጋታለሁ፣ መልሱ ሲገለጥ ይመጣል። በመካከል ያለችው ዝምታ ያንቺ ናት። ቆም ትያለሽ፣ እሱ «ከዚያስ?» ይላል። ለብቻው ፊደል የሚቆጥር ልጅ ይህች ታመልጠዋለች።

ለብቻው የሚያነብበትን ጊዜ ተይለት፣ የሱ ነው። ማታ ግን እሱ ገና የማይደፍረውን ባለ ምዕራፍ መጽሐፍ አንሺ። ድገሚልኝ ካለሽ ድገሚለት። መጨረሻውን ስለሚያውቀው ነው ዘና ብሎ መሃሉን የሚያጣጥመው። ስትጨርሺ «ምን ተማርክ?» አትበዪው። ታሪክን ፈተና የሚያደርግ ጥያቄ ነው፣ አልወደውም። ከደከመሽ ሁለት ገጽ ይበቃል።

የአዲሱን ታሪኬን ረቂቅ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሥዕሉ ገና ነው። አንብቢለትና የቱ ጋ እንደተቁነጠነጠ በእርሳስ ምልክት አድርጊልኝ። ሦስተኛው ምዕራፍ ሳይረዝም አልቀረም። አሳታሚው ጋ ከመግባቱ በፊት የሱን ፍርድ እፈልጋለሁ።

እናትሽ